የተጣላንበትን ንብረት ማን ይያዘው? እግድ፣ ማስከበር፣ ውርስ አጣሪ ወይስ በፍርድ ቤት የሚሾም አስተዳዳሪ

ዳቦ ቤቱን ያሳገዱት ሁለቱ ታናናሾች ነበሩ። አባታቸው ሲያርፉ ቁልፉ በታላቅየው እጅ ቀረ፤ ታላቅየው ሒሳብ አላሳይም አለ፤ እነሱ ክስ አቀረቡና "ክርክሩ እስኪያልቅ ማንም ወገን በንብረቱ እንዳይጠቀም" የሚል ትእዛዝ አወጡ። ያን ቀን ከችሎት የወጡት እየሳቁ ነበር። ከአምስት ወር በኋላ ንብረቱ ይቆጠር ተብሎ በሩ ሲከፈት እኔም ነበርኩ። የሊጥ ማቡኪያው ዝጓል፣ በዱቄቱ ጆንያ ላይ ነቀዝ ይርመሰመሳል፣ መብራት በውዝፍ ሒሳብ ተቆርጧል፣ ጋጋሪዎቹ ከመንገዱ ማዶ የተከፈተ ሌላ ዳቦ ቤት ገብተዋል። ታናሽየዋ ጆንያውን በጫማዋ ጫፍ ነካ አድርጋ "እንግዲህ የምንካፈለው ይሄንን ነው?" አለች።

ትእዛዙ ሕጋዊ ነበር። የተሳሳተው ምርጫው ነው። ዝም ብሎ ለተቀመጠ ንብረት የሚታዘዘውን መፍትሔ ለሚሠራ ንብረት አዘዙት። በጥብቅና ሥራዬ በብዛት የማየው ይሄንኑ ነው፦ ሰው ቢሮ ሲገባ ቀድሞ ከአፉ የሚወጣው "እናሳግደው" የሚል ነው። ሌሎቹን አማራጮች ብዙው ሰው አያውቃቸውም፤ የሰማቸውም ቢሆን ስማቸው ይደባለቅበታል። በፍርድ ቤት የሚሾመውን አስተዳዳሪ አንዱ ንብረት ጠባቂ፣ ሌላው ባለአደራ፣ ሦስተኛው ገለልተኛ አስተዳዳሪ ይለዋል። "ንብረት ጠባቂ ይሾም" ስል "ዘበኛማ አለን፣ ደመወዙንም እኔ ነኝ የምከፍለው" ያሉኝ እናት ነበሩ። በዚህ ጽሑፍ "አስተዳዳሪ" እላለሁ።

መጀመሪያ መመዘኛዎቹ

አማራጮቹን ከማየታችሁ በፊት ወረቀት አውጡና እነዚህን መልሱ።

ንብረቱ ይተኛል ወይስ ይሠራል? ባዶ ቦታ፣ የተቆለፈ ቤት፣ በባንክ ያለ ገንዘብ ይተኛል። የሚከራዩ ሱቆች፣ ሆቴል፣ ወፍጮ ቤት፣ የጭነት መኪና፣ የከብት እርባታ ይሠራል፤ አንድ ወር ሰው ካጣ ይሞታል። ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ነው፣ ሌሎቹ ቢሳሳቱም ይስተካከላሉ።

የምትፈሩት ምንድን ነው? ሊሸጥ ነው? ሊፈርስ ነው? ወይስ ንብረቱ እንዳለ ሆኖ ገቢው በአንድ ሰው ኪስ እየገባ ነው?

አሁን በእጁ የያዘው ማን ነው፣ በምን መብት? ተከራይ ነው? ወራሽ ነው? ወይስ በሟች ውክልና የሚሠራ ዘመድ? በመርህ ደረጃ ውክልና ከወካዩ ሞት ጋር አብሮ ያበቃል፤ ከቀብር በኋላ በአባት ውክልና ኪራይ የሚሰበስብ ወንድም ብዙ ጊዜ በእጁ የያዘው የሞተ ወረቀት ነው።

ወጪው ከየት ይወጣል? ከንብረቱ ገቢ ነው ወይስ ከኪሳችሁ?

ጉዳት ቢደርስስ ማንን ትጠይቃላችሁ?

እግድ

የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 154 እና 155 ናቸው። ክርክር የተነሣበት ንብረት የመጥፋት፣ የመበላሸት ወይም ለሌላ ሰው የመተላለፍ አደጋ እንዳለበት በቃለ መሐላ ወይም በሌላ ማስረጃ ካሳያችሁ ፍርድ ቤቱ ያግዳል። እንደ ደንቡ ሌላው ወገን ይሰማል፤ መዘግየቱ ትእዛዙን ከንቱ የሚያደርገው ከሆነ ግን ሳይጠራም ሊሰጥ ይችላል። ሌላው ወገን በኋላ ቀርቦ ይነሣልኝ ወይም ይሻሻልልኝ ማለት ይችላል።

ጥንካሬው ፍጥነቱና ዋጋው ነው። ትእዛዙን ይዛችሁ ለቤት ከሆነ የይዞታ ማኅደሩ ወዳለበት ጽሕፈት ቤት፣ ለመኪና ከሆነ ወደ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ፣ ለገንዘብ ከሆነ ወደ ባንኩ ታደርሳላችሁ፤ ስም ማዞር ይቆማል። እዚህ ላይ የሚደርሰው ስንፍና ግን ያስቆጫል። ትእዛዙን በኪሱ ይዞ ለሦስት ሳምንት የሚዞር ሰው አለ፤ ማኅደሩ ውስጥ ያልገባ እግድ ለገዢ አይታይም።

ድክመቱን ከዳቦ ቤቱ አይታችኋል። "አትሽጥ" ይላል እንጂ "ጣሪያውን አድስ" አይልም። ተከራዮቹም ገበያቸው ነው፦ አንዱ ወራሽ "ለእሱ እንዳትከፍል"፣ ሌላው "ለእሷ እንዳትከፍል" ሲላቸው ለማንም ሳይከፍሉ ዓመት የሚያልፍባቸው ሱቆች አውቃለሁ። በኋላ ውዝፉን ለመሰብሰብ ሌላ ክስ ነው።

ሰው የማይጠይቀው አንድ መካከለኛ መንገድ አለ። ፍርድ ቤቱ እግድ ሲሰጥ ቅድመ ሁኔታ ማያያዝ ይችላል፦ ዋስትና አቅርብ፣ ሒሳብ ያዝ፣ በየሦስት ወሩ ለችሎት አሳይ። ንብረቱን የያዘው ሰው ሌባ ሳይሆን ዝርክርክ ከሆነ ይህ ይበቃል፤ አስተዳዳሪም አያስፈልግም። ሌላው ደግሞ ተከራዮች ኪራዩን በሞዴል 85 (ፍርድ ቤት በአደራ ለሚቀመጥ ገንዘብ በሚሰጠው ደረሰኝ) ፍርድ ቤት እንዲያስቀምጡ ማስደረግ ነው። ገንዘቡ ከሁሉም እጅ ይወጣል። ችግሩ፣ ቧንቧ ፈንድቶ ለጥገና ብር ቢያስፈልግ እንደገና አቤቱታ መጻፍና ቀጠሮ መጠበቅ ነው።

ከፍርድ በፊት ማስከበር

ይህ ከእግድ ጋር በጣም ይምታታል። አንቀጽ 151 የሚያገለግለው በዋናነት ገንዘብ ለሚጠይቅ ከሳሽ ነው፦ ተከሳሹ ነገ የሚሰጠውን ፍርድ ለማክሸፍ ንብረቱን ሊያሸሽ ሲል ዋስትና እንዲያቀርብ ይታዘዛል፣ ካላቀረበ ንብረቱ ይከበራል፣ ማለትም እንዳይሸሽ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ይያዛል። ጠቡ "ገንዘቤን ስጠኝ" ከሆነ የእናንተ መንገድ ይህ ነው። ጠቡ "ቤቱ የእኔም ነው" ከሆነ እለፉት።

የውርስ አጣሪ

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውርስ መጣራት አለበት፤ አጣሪው በኑዛዜ የተመረጠ፣ ወራሾቹ ራሳቸው ወይም ፍርድ ቤት የሾመው ሰው ሊሆን ይችላል። ሥራው ኑዛዜ መኖሩን መፈለግ፣ ወራሾችን መለየት፣ ንብረቱን መቁጠር፣ የሟችን ዕዳ መክፈልና ገንዘቡን መሰብሰብ ነው፤ እስከዚያው ውርሱን ማስተዳደርም ከሥራው ይቆጠራል።

ስለዚህ ጠቡ በውርስ የመጣ ከሆነና ማን ምን እንዳለው ገና ካልታወቀ፣ አስተዳዳሪ ከመጠየቃችሁ በፊት አጣሪ ጠይቁ። ሁለቱን ሥራ በአንድ ሰው ማሠራት ይቻላልና ሁለት ክፍያ አትከፍሉም። በተግባር ግን ብዙ አጣሪ ራሱን ሪፖርት ጸሐፊ አድርጎ ነው የሚያየው። ንብረት ይዘረዝራል፣ ምስክር ይሰማል፣ ሪፖርቱን ያስገባል፣ ሱቁ ግን ማንም እንደያዘው ይቆያል። ሲሾም "ኪራይ ይሰብስብ፣ በተለየ ሒሳብ ያስቀምጥ" የሚል ቃል በትእዛዙ ውስጥ እንዲገባ በግልጽ አመልክቱ።

በፍርድ ቤት የሚሾም አስተዳዳሪ

ከሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 166 ጀምሮ ጥቂት ድንጋጌዎች አሉ፤ አጫጭር ናቸው፣ ጉልበታቸው ግን ብዙ ነው። ፍርድ ቤቱ ተገቢና አመቺ ሆኖ ካገኘው ከፍርድ በፊትም ሆነ በኋላ አስተዳዳሪ ይሾማል። ንብረቱን ከያዘው ሰው እጅ አውጥቶ ለአስተዳዳሪው ያስረክባል። ባለቤቱ ቢሆን ኖሮ ይኖረው የነበረውን ሥልጣን ሁሉ ወይም ከፊሉን ይሰጠዋል፦ መክሰስና መከሰስ፣ ኪራይና ፍሬ መሰብሰብ፣ ማደስ፣ ማሻሻል፣ ሰነድ መፈረም። ድንጋጌዎቹ እ.ኤ.አ. ከ1908ቱ የሕንድ የሥነ ሥርዓት ሕግ ትእዛዝ 40 ጋር በጣም ይመሳሰላሉ፤ አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ ጉዳዩ ሲጠብቅባቸው የሕንዶቹን ማብራሪያ የሚያገላብጡት ለዚህ ነው።

አንድ ገደብ አለ፣ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። ከተከራካሪዎቹ ማንም ዛሬ ሊያስወጣው መብት የሌለውን ሰው፣ አስተዳዳሪ በመሾም ማስወጣት አይቻልም። ሕጋዊ የኪራይ ውል ያለው ባለሱቅ ይቀጥላል፤ የሚለወጠው የሚከፍልለት ሰው ብቻ ነው። "አስተዳዳሪ ይሾምና ያን ተከራይ ያባርርልናል" ብላችሁ ከሆነ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ከሌሎቹ አማራጮች የሚለየው ትልቁ ነገር ተጠያቂነቱ ነው። አስተዳዳሪው ፍርድ ቤቱ የሚወስነውን ዋስትና ያቀርባል፣ በተወሰነለት ጊዜ ሒሳብ ያስገባል፣ ያለበትን ገንዘብ ያስረክባል፤ ሆን ብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት ላደረሰው ጥፋት በገዛ ንብረቱ ይጠየቃል። ታላቅ ወንድማችሁን ሒሳብ ስትጠይቁት "አባቴን ማን አስታመመ?" ይላችኋል፤ ቤተ ዘመዱም "እውነቱን ነው" ይላል። አስተዳዳሪ እንዲህ ያለ መልስ የለውም።

ዋጋውስ? ክፍያውን ፍርድ ቤቱ ይወስናል፣ የሚወጣውም አብዛኛውን ጊዜ ከንብረቱ ገቢ ነው። ለማሳያ ያህል እናስላው። ስድስት ሱቅ፣ እያንዳንዱ በወር 12,000 ብር ቢከራይ ወርኃዊ ገቢው 72,000 ነው። አስተዳዳሪው 8 በመቶ ቢወሰንለት 5,760 ብር ይወስዳል፤ 66,240 ይቀራል። ክርክሩ ሦስት ዓመት ቢፈጅ ከሁለት ሚሊዮን ብር በላይ በተቆጠረ ሒሳብ ተቀምጦ ይጠብቃችኋል። አሁን ደግሞ በ15,000 ብር የሚከራይ አንድ መኖሪያ ቤት ውሰዱ። ቁም ነገረኛ ሰው ከ5,000 በታች አልሠራም ቢል የገቢውን ሲሶ በላው። ለዚህ ቤት የሁለት ፊርማ የባንክ ሒሳብ ይበቃዋል።

ሰውየውን የማግኘት ጣጣም አለ። ይህን ሥራ ሙያዬ ብሎ የያዘ ሰው እንደልብ አይገኝም። ዳኛው አብዛኛውን ጊዜ ግራ ቀኙ እጩ እንዲያቀርቡ ይጠይቃል፤ እናንተ የሒሳብ ባለሙያ ታቀርባላችሁ፣ እነሱ የአክስታቸውን ልጅ። ጡረታ የወጣ የባንክ ሠራተኛ ወይም በአካባቢው ቤት ሲያስተዳድር የኖረ ሰው ጥሩ ነው። ጠበቃ አትምረጡ፤ እኔ ራሴ ጠበቃ ነኝ፣ የቧንቧ ሠራተኛ ፈልጎ ለማምጣት ሦስት ቀን ይፈጅብኛል።

የይግባኙን ነገርም ከወዲሁ አስቡት። በክርክር መሐል በሚሰጥ ጊዜያዊ ትእዛዝ ላይ እንደልብ ይግባኝ አይባልም። ይሁንና አንቀጽ 320 ንብረትን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው የሚያስተላልፍ ትእዛዝን ለይቶ ያወጣዋል። ንብረቱን እንዲያስረክብ የታዘዘ ሰው በዚህ በር ለመግባት መሞከሩ አይቀርምና ከትእዛዙ እስከ ርክክቡ ያለውን ጊዜ አታራዝሙት።

ስምምነትና የሁለት ፊርማ ሒሳብ

ርካሹ ይህ ነው። ሽማግሌ ተቀምጦ አንድ ሰው ይመረጣል፣ ኪራዩ ሁለት ሰው ካልፈረመ በማይወጣበት የባንክ ሒሳብ ይገባል፣ በየወሩ ደረሰኝ በስልክ ይላካል። ጉድለቱ ልምሾ መሆኑ ነው፤ አንዱ ሲኮርፍ ይፈርሳል። ክስ ተከፍቶ ከሆነ ስምምነቱን ለፍርድ ቤቱ አቅርባችሁ በመዝገቡ ላይ አስመዝግቡት። ከተመዘገበ በኋላ ማኩረፍ ዋጋ ያስከፍላል።

በአጭሩ ሲቀመጥ

| | እግድ | ማስከበር | ውርስ አጣሪ | አስተዳዳሪ | ስምምነት |
|---|---|---|---|---|---|
| ለምን ይሻላል | ሽያጭና ስም ማዞር ለማስቆም | የገንዘብ ጥያቄን ለማስጠበቅ | ወራሽና ንብረት ሳይለይ ሲቀር | ለሚሠራ ንብረትና ለሚበላ ገቢ | ገና መነጋገር ላልቆመበት ቤተሰብ |
| ንብረቱን ያንቀሳቅሳል? | የለም | የለም | ሥልጣኑ በትእዛዙ ከተጻፈ | አዎ | አዎ |
| ፍጥነት | ፈጣን | መካከለኛ | ዘገምተኛ | ዘገምተኛ፣ እጩ ላይ ጭቅጭቅ አለ | በሰዎቹ ይወሰናል |
| ወጪ | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ፣ ዋስትና ሊኖር ይችላል | መካከለኛ | ከፍተኛ፣ ከገቢው የሚወጣ | ከሁሉ ያነሰ |
| ሒሳብ የሚጠየቅ ሰው | የለም፣ ካልታዘዘ በቀር | የለም | አጣሪው | አስተዳዳሪው፣ ከዋስትና ጋር | በስምምነቱ የተመረጠው |
| ትልቁ አደጋ | ንብረቱ ቆሞ ይበላሻል | ለባለቤትነት ክርክር አይሆንም | ሪፖርት ብቻ ሆኖ ይቀራል | ትንሽ ገቢን ይጨርሳል | ኩርፊያ |

ለእናንተ የትኛው?

ባዶ ቦታ ወይም የተቆለፈ ቤት ከሆነ፦ እግድ። ሌላ አትጨምሩ።

አንድ ቤት፣ ትንሽ ኪራይ፣ ሁለት ወይም ሦስት ወራሽ፦ ስምምነት ከሁለት ፊርማ ጋር፤ ካልሆነ እግድ ላይ ሒሳብ የመያዝ ግዴታ ጨምራችሁ፣ ኪራዩ በሞዴል 85 እንዲቀመጥ።

ብዙ ሱቅ፣ ሆቴል፣ ወፍጮ፣ መኪና፦ እግድና አስተዳዳሪ በአንድ አቤቱታ። እግዱ ሽያጩን ያቆማል፣ አስተዳዳሪው ሥራውን ያስቀጥላል። አስተዳዳሪው እስኪሾም ሳምንታት ሊያልፉ ስለሚችሉ እግዱን ስታስጽፉ "ንግዱ እንዳይቋረጥ" የሚል ቃል ይግባበት። ይህ ቃል ቢኖር ዳቦ ቤቱን ያድነው ነበር።

ፍቺ ከሆነ ሌላ ፍለጋ አትሂዱ። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የፍቺ አቤቱታ ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ ስለ ባልና ሚስቱ መተዳደሪያ፣ ስለ ልጆች እና ስለ ንብረቱ አስተዳደር ወዲያው ትእዛዝ እንዲሰጥ ይጠበቃል። ጥያቄውን ለፍቺው በከፈታችሁት በዚያው መዝገብ አቅርቡ።

ንብረቱ በባንክ ብድር የተያዘ ከሆነ ወንድማማቾች ስለተጣሉ ባንኩ አይጠብቅም። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ መያዣውን ክስ ሳይመሠርት በሐራጅ መሸጥ ይችላል። እንዲህ ባለ ጊዜ አስተዳዳሪ ከቅንጦት የሚቆጠር አይደለም፤ ከኪራዩ ላይ በቅድሚያ ወርኃዊ ብድሩን እንዲከፍል በትእዛዙ ይጻፍ።

ወራሾቹ በከፊል ውጭ አገር ከሆኑ የእኔ ምክር ወደ አስተዳዳሪው ያደላል። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ሆኖ በዘመድ ውክልና መከራከር ይቻላል። ውክልናው በኤምባሲው በኩል ተረጋግጦ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ አልፎ እስኪደርስ ግን ስንት ኪራይ ይበላል። ደግሞም ዘመዱ ራሱ በአንዱ ወገን መቆሙ አይቀርም። በእስራኤል ያላችሁ "ኮኔስ ነካሲም" (በዕብራይስጥ፣ ንብረት እንዲይዝ የሚሾም ሰው) ሲባል ስለምትሰሙ አትደንግጡ፤ እዚያ ስሙ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ቤት በዕዳ ሲሸጥ ነው፣ እዚህ የምናወራው ግን በዋናነት ንብረቱን ጠብቆ ስለሚያቆይ ሰው ነው።

አስተዳዳሪ ከመረጣችሁ፣ በትእዛዙ ውስጥ የማይቀሩ

"አስተዳዳሪ ተሹሟል" የሚል አንድ መስመር ብቻ ይዞ የወጣ ሰው በማግስቱ ባንክ ይመልሰዋል፣ ተከራይም ይመልሰዋል። ንብረቱ በካርታ ቁጥሩ ይጠቀስ። ኪራይ የመሰብሰብ፣ ውል የማደስ፣ የባንክ ሒሳብ የመክፈት ሥልጣኑ አንድ በአንድ ይዘርዘር። ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ የሚያወጣው የጥገና ገንዘብ ጣሪያ በብር ይቀመጥ፤ ይህ ካልተጻፈ ለአንድ መስታወት ችሎት ትመላለሳላችሁ፣ ወይም በተቃራኒው ግማሽ ሕንጻ ቀለም ተቀብቶ ይጠብቃችኋል። መሸጥና በዋስትና ማስያዝ የተከለከለ መሆኑ ይጻፍ። ክፍያው፣ ዋስትናው፣ ሒሳብ የሚያስገባበት ቀን በቁጥር ይቀመጥ። "በየጊዜው ሒሳብ ያቅርብ" የሚለውን ሐረግ አትቀበሉ።

የርክክቡ ዕለት ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሰው ይገኝ። ክፍል በክፍል በስልክ ቅረጹ፣ ቁልፎቹን ቆጥራችሁ ፈርሙ፣ ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ የመብራትና የውኃ ቆጣሪውን ቁጥር በርክክብ ሰነዱ ላይ ጻፉት። ከዚያ ቀን በፊት የነበረው ውዝፍ የማን እንደሆነ በኋላ የምታውቁት በእሱ ነው።